ከመቶ ሰው ስንቱ? ስለ ጠቅታ ምጣኔ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ እንደምን አላችሁ! በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር የጋበዙኝን አዘጋጆች ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ በበይነ መረብ ማስታወቂያ ሥራ ውስጥ የጠቅታ ምጣኔን ስለ መረዳትና ስለ ማሻሻል ነው። በየቢሯችን «ሲቲአር» እያልን በአጭሩ የምንጠራው፣ ጠዋት ኮምፒውተራችንን እንደ ከፈትን ዐይናችን የሚያርፍበት፣ ከፍ ሲል ደስ የሚያሰኘን፣ ዝቅ ሲል ደግሞ እርስ በርስ የሚያነታርከን ያ ቁጥር ማለት ነው።

ቀመሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ማስታወቂያ 1,000 ጊዜ ታይቶ 20 ጊዜ ጠቅ ከተደረገ ምጣኔው 2 በመቶ ነው። የጠቅታውን ቁጥር ማስታወቂያው ለታየበት ቁጥር አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው፤ ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ክፍልፋይ ነው፤ ክፍልፋይ ደግሞ የላይ ቁጥርና የታች ቁጥር አለው። እኛ ለስብሰባ ስንቀመጥ የምንነጋገረው ስለ ላይኛው ብቻ ነው፤ ርዕሱ ይለወጥ፣ ምስሉ ይለወጥ፣ የአዝራሩ ቀለም ይለወጥ እንላለን። የታችኛውን ቁጥር ማን ጠይቆት ያውቃል? ማስታወቂያችን የታየው ለማን ነው? ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ይፈልግ ነበር? ለመሆኑ ማስታወቂያው በእርግጥ ታይቷል ወይ? በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተማርሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የጠቅታ ምጣኔ ስለ ጻፍነው ቃል ከመናገሩ በፊት ስላሳየነው ሰው ይናገራል።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ስለዚሁ ስለ ታችኛው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ስለምንጽፈው ቃል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ጠቅ ካደረገ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ይሆናል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በድር ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የባነር ማስታወቂያዎች፣ ማለትም በገጹ ላይ እንደ ሰሌዳ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች፣ አንዱ ነበር፤ አንባቢውን «እዚህ ላይ ማውስህን ጠቅ አድርገህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቅና «ታደርጋለህ» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ካዩት ሰዎች መካከል 44 በመቶ የሚሆኑት ጠቅ እንዳደረጉት ይነገራል። ዛሬ ለአንድ ተራ ባነር አንድ በመቶ ማግኘት እንኳ ብርቅ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ታዲያ የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ከእኛ አርባ እጅ የሚበልጥ ችሎታ ነበራቸው ማለት ነው? አይደለም። የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ያኔ ነገሩ ለሁሉም አዲስ ነበር፤ ሰው ጠቅ የሚያደርገው ምን እንደሚመጣ ለማየት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰው ማስታወቂያን አልፎ ማየትን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1998 በራይስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ቤንዌይና ሌን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን በድረ ገጽ ላይ አንድ መረጃ እንዲፈልጉ አዘዟቸው፤ የሚፈልጉትንም ነገር ከገጹ አናት ላይ ትልቅና ባለቀለም ባነር ውስጥ አኖሩት። ብዙዎቹ አላዩትም። ደምቆ የወጣው ነገር፣ በመድመቁ ምክንያት፣ «ይህ እኔን አይመለከትም» ተብሎ ታለፈ። ተመራማሪዎቹም ይህን ሁኔታ የባነር ዕውርነት ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ ማስታወቂያውን ማጉላትና ማድመቅ መፍትሔ እንዳልሆነ ከታወቀ እነሆ ስንት ዓመት ሆነው! ዛሬም ግን ደንበኞቻችን «አጉሉት» ይሉናል፤ እኛም እናጎላዋለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። «ታየ» ማለት ምን ማለት ነው? ይህ ቀላል የሚመስል ጥያቄ መልሱ እንደየቦታው ይለያያል። በማስታወቂያ ኢንዱስትሪው በተለመደው መለኪያ አንድ የምስል ማስታወቂያ ለዕይታ በቃ የሚባለው ቢያንስ ግማሽ አካሉ ለአንድ ሰከንድ ያህል ስክሪኑ ላይ ሲታይ ነው። ይህን ያላሟላ፣ ማንም ወርዶ ባላየው የገጹ ግርጌ የተጫነ ማስታወቂያም በአንዳንድ ሪፖርቶች ውስጥ «ታይቷል» ተብሎ ይቆጠራል። ዩቲዩብም የቪዲዮን ሽፋን ምስል እንደ ታየ የሚቆጥረው ቢያንስ ግማሹ ከአንድ ሰከንድ በላይ ስክሪኑ ላይ ከቆየ ነው። ገጻችን በጉጉል ፍለጋ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ታየና ጠቅ እንደ ተደረገ የሚያሳየን የጉጉል ሰርች ኮንሶል ግን አብዛኛውን ጊዜ ገጻችሁ በውጤቱ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱን እንጂ ፈላጊው እስከዚያ ድረስ ወርዶ ማየቱን አይጠይቅም። ይህ ከሆነ የአንዱን ሲቲአር ከሌላው ጋር አስተያይቶ «እዚህ ጎበዞች ነን፣ እዚያ ሰነፎች ነን» ማለት ምን ትርጉም አለው? አካፋዩ የተለያየ ነው!

በኢሜይልም ይኸው ነው። አንዳንዱ ጠቅታውን የሚያካፍለው ለደረሱት መልእክቶች ሁሉ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ለተከፈቱት ብቻ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 አፕል የተጠቃሚዎቹን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲል በኢሜይል መተግበሪያው ውስጥ የመልእክቱን ምስሎች አስቀድሞ መጫን ጀመረ፤ በዚህ ምክንያት ባለቤቱ ያልከፈተው መልእክት እንደ ተከፈተ ይቆጠር ጀመር። ምን ተፈጠረ? ከተከፈቱት አንጻር የሚሰላው ምጣኔ ወረደ። ጽሑፉ አልተበላሸም፣ አንባቢው አልሸሸም፣ የታችኛው ቁጥር ብቻ አበጠ። ይህን ሳያጣሩ የጸሐፊዎቻቸውን ሥራ የነቀፉ ኃላፊዎችን አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

እስቲ ከራሴ ሕይወት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ፎቶግራፍ ማንሣትን በበይነ መረብ የሚያስተምር አንድ ተቋም የፍለጋ ማስታወቂያውን፣ ማለትም ሰው አንድ ነገር ጽፎ ሲፈልግ ከውጤቶቹ ጋር የሚታየውን ማስታወቂያ፣ እንዳስተዳድርለት ሰጠኝ። ምጣኔው ዝቅተኛ ነበር። ርዕሱን ለወጥሁት፤ ለውጥ የለም። ማብራሪያውን ደግሜ ደጋግሜ ጻፍሁት፤ ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ አዲስ ርዕስ እያወጣሁ ደከምሁ። አንድ ምሽት ግን ሌላ ሪፖርት ፍለጋ ስገባ ሰዎች በትክክል ጽፈው የፈለጓቸውን ቃላት የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትሁ። መስመር በመስመር አነበብሁት። «የፎቶ ማሳመሪያ አፕ»፣ «ነፃ ፎቶ ማውረጃ»፣ «የጉርድ ፎቶ ልክ»፣ «የፎቶግራፍ ባለሙያ ሥራ ቅጥር»፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ፎቶግራፍ መማር የሚፈልግ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኘው አለፍ አለፍ ብሎ ነው። ማስታወቂያዬ ሁለት ወር ሙሉ ሲታይ የኖረው ለማይፈልጉት ሰዎች ነበር።

በማግሥቱ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ኔጋቲቭ ኪወርድ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ማለትም ሰው እነዚህን ሲፈልግ ማስታወቂያችን አይታይ ብዬ ዘጋሁ። ከማስታወቂያው ላይ አንዲት ፊደል አልነካሁም። የጠቅታ ምጣኔው ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምጣኔ ወረደ ሲሉኝ መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ዝርዝር ነው። ወጣቶች፣ እባካችሁ እናንተም ልማድ አድርጉት፤ ርዕስ ከመለወጣችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ።

ስለ ታችኛው ቁጥር ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛው መደባለቅን የሚመለከት ነው፤ ለማስረዳት ምሳሌ ላስቀምጥ፤ እባካችሁ ከእኔ ጋር አስሉ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ በስልክ 1,000 ጊዜ ታይቶ 40 ጊዜ፣ በኮምፒውተር 9,000 ጊዜ ታይቶ 90 ጊዜ ጠቅ ተደረገ እንበል። በስልክ 4 በመቶ፣ በኮምፒውተር 1 በመቶ ሆነ። ሁለተኛው በስልክ 9,000 ጊዜ ታይቶ 270፣ በኮምፒውተር 1,000 ጊዜ ታይቶ 8 ጠቅታ አገኘ። ይህም 3 በመቶና 0.8 በመቶ ነው። በስልክም በኮምፒውተርም የበለጠው የመጀመሪያው ነው። አሁን ደምሯቸው። የመጀመሪያው 1.3 በመቶ፣ ሁለተኛው 2.78 በመቶ ይሆናል! በሁለቱም ቦታ የተሸነፈው በድምሩ ከእጥፍ በላይ አሸነፈ። ለምን? ሁለተኛው በብዛት የታየው ሰው ቶሎ ጠቅ በሚያደርግበት በስልክ ላይ ስለሆነ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው የተሻለውን ማስታወቂያ በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መቸኮልን የሚመለከት ነው። ሁለት ርዕሶች እያንዳንዳቸው 200 ጊዜ ታይተው አንዱ 4፣ ሌላው 8 ጠቅታ ቢያገኙ «በእጥፍ በለጠ» ብለን እጃችንን እናጨበጭባለን። ነገር ግን ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ በቀላሉ ይፈጠራል። 20,000 ጊዜ ታይተው 400 እና 800 ቢያገኙ ግን ጥርጥር የለውም። ምጣኔው በሁለቱም ጊዜ 2 እና 4 በመቶ ነው፤ የመረጃው ክብደት ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ፈተናችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ዕይታ እንደምትጠብቁ ወስኑ፤ እስከዚያም ታገሡ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ጎቱ ዶት ኮም የተባለው የፍለጋ ድረ ገጽ የማስታወቂያ ቦታን በጨረታ ሲሸጥ ብዙ የከፈለ ከላይ ይወጣ ነበር። ጉጉል በ2002 ሌላ ነገር ጨመረበት፤ አስተዋዋቂው ያቀረበውን ዋጋ በማስታወቂያው የጠቅታ ምጣኔ አባዛው። አንዱ ለአንድ ጠቅታ 10 ቢያቀርብና ምጣኔው 1 በመቶ ቢሆን፣ ሌላው 4 ብቻ አቅርቦ ምጣኔው 3 በመቶ ቢሆን፣ ከላይ የሚወጣው ሁለተኛው ነው፤ 0.12 ከ0.10 ይበልጣልና። ስሌቱ ዛሬ እጅግ ተወሳስቧል፤ የሚጠበቅ የጠቅታ ምጣኔ ግን ማስታወቂያው ከፍለጋው ጋር ካለው ዝምድናና ጠቅ ያደረገው ሰው ከሚደርስበት ከማረፊያ ገጹ ጥራት ጋር አሁንም ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው። አንባቢው የሚፈልገውን ያቀረበ አነስተኛ ነጋዴ ባለብዙ በጀቱን የሚቀድምበት መንገድ ይህ ነው፤ ይህን የሙያችንን ገጽታ እጅግ እወደዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ቃል ነው። ታላቅ እኅቴ ከስልኳ ያጠፋቻቸውን ፎቶዎች ለመመለስ መንገድ ስትፈልግ አንድ ቀን ከአጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዝም ብዬ አውራ ጣቷን ተመለከትሁ። የፈለገችውን ጻፈች፤ ውጤቶቹ መጡ። የመጀመሪያው ርዕስ በኩባንያው ስም ይጀምርና ስለ ታማኝነቱ ያወራል፤ ፎቶ የሚለው ቃል ሳይደርስ ርዕሱ በሦስት ነጥብ ተቆርጧል። ጣቷ አላቆመም። ሁለተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ስትደርስ «የጠፋ ፎቶ ለመመለስ» ብሎ የሚጀምር አገኘችና ነካችው። «ሌሎቹን ለምን ዘለልሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «የትኞቹን?» አለችኝ። ከዚያም ስልኩን ወደ እኔ አዙራ፣ «እዚህማ ስለ ፎቶ የሚያወራ ይኸው አንዱ ብቻ ነው» አለች። አልዋሸችም፤ ለእሷ የነበረው አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቃል የሚመረጠው እንዲህ ነው። አንባቢው የተጠቀመበት ቃል ይቅደም፤ የእኛ ስም ይከተል። በጉጉል የፍለጋ ማስታወቂያ ለአንድ ርዕስ የሚፈቀደው 30 ቁምፊ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ «ተወዳዳሪ የሌለው» ለሚል ቃል ቦታ የለንም። ቁጥር ካለን ቁጥሩን እናስቀምጥ፤ ሥልጠናው ስድስት ሳምንት ከሆነ ስድስት ሳምንት እንበል። አዝራሩም ቀጥሎ የሚሆነውን በትክክል ይናገር። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ በባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ድረ ገጽ የተደረገውን ፈተና ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። ዳን ሲሮከርና ባልደረቦቹ አራት የአዝራር ጽሑፎችንና ስድስት ምስሎችንና ቪዲዮዎችን በ24 ዓይነት ጥምረት ለጎብኚዎች አሳዩ። የዘመቻው ሰዎች ቪዲዮ ያሸንፋል ብለው አምነው ነበር። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ከምስሎቹ ያነሰ ውጤት አመጡ፤ ያሸነፈው የቤተሰቡ ፎቶና «የበለጠ ይወቁ» የሚለው አዝራር ነበር። የተመዝጋቢው ምጣኔ ከ8.26 ወደ 11.6 በመቶ ወጣ። «ተመዝገቡ» የሚለው ቃል ገና ላልወሰነ እንግዳ ከባድ ሸክም ስለሆነበት ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። ፈተናው ግን እርግጥ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ የማንም ሰው ምርጫ የሺዎችን መልስ አይተካም።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ልለፍ። ምጣኔን ከፍ ማድረግ ብቻ ከተፈለገ እጅግ ቀላል ነው፤ መዋሸት ይበቃል። ይህን የምለው ስላደረግሁት ነው። በአንድ ወቅት ለአንድ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና «ነፃ» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አኖርሁ። ነፃ የነበረው የመጀመሪያው ትምህርት ብቻ ነበር፤ ይህንንም ከታች በትናንሽ ፊደል ጽፌዋለሁ። ጠቅታው ጎረፈ። የሳምንቱን ሪፖርት ለደንበኛዬ በኩራት ላክሁለት። እሱ ግን የላከልኝ መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የተመዘገበው ሰው ለምን ቀነሰ?» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሰዎቹ መጥተው ዋጋውን ሲያዩ ይመለሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ጠቅታ ደግሞ ደንበኛዬ ይከፍላል። ያን ቀን ያፈርሁትን ማፈር አልረሳውም። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ሰዎቹ ናቸው፤ ተስፋ ሰጥቼ የጠራኋቸው ሰዎች ናቸውና።

ትላልቆቹ መድረኮችም ይህንኑ ትምህርት ወስደዋል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮ ሲያቀርብ ከተመልካች ቁጥር ይልቅ ሰው በማየት ላይ የቆየበትን ጊዜ ማስቀደም ጀመረ። ፌስቡክም በኦገስት 2014 ሰው ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚመለስባቸውን አሳሳች ርዕሶች ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ስለዚህ ጠቅታውን ብቻውን አታቅርቡት፤ ምን ያህሉ እንደ ቆየ፣ ምን ያህሉ እንደ ተመዘገበ ወይም እንደ ገዛ ከጎኑ ይጻፍ። የርዕሱ ቃልም ማረፊያ ገጹ አናት ላይ ሳይለወጥ ይገኝ፤ ሰው ትክክለኛው ቤት መድረሱን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይወቅ።

ጠቅታ ሁሉ የፈላጊ ሰው አለመሆኑንም ማወቅ አለብን። ኮምስኮር የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከነበሩ የበይነ መረብ ተጠቃሚዎች 8 በመቶ የሚሆኑት ብቻ 85 በመቶ የሚሆነውን የምስል ማስታወቂያ ጠቅታ ያደርጉ ነበር። የስልክ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ከመዝጊያዋ «ኤክስ» አጠገብ የተቀመጠ ማስታወቂያ በጣት ስሕተት ይነካል።

ባለፈው ዓመት ከአንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጋር የአንድ ኢሜይል ዘመቻ ውጤት ስናይ ምጣኔው ከለመድነው እጅግ በልጦ አገኘነው። እሷ በደስታ ተነሣች፤ እኔ ዝርዝሩን እንድትከፍተው ለመንኋት። የጠቅታዎቹን ሰዓት ተመለከትን። መልእክቱ በወጣ በሰከንዶች ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት አድራሻዎች ብዙ ጠቅታ መጥቷል፤ እያንዳንዱ አድራሻም በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ ሁሉ፣ «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚባልበትን የስንብት ሊንክ ጨምሮ፣ በተከታታይ ነክቶታል። ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። የመሥሪያ ቤቱ የደኅንነት ሶፍትዌር ሊንኮቹ አደገኛ እንዳይሆኑ እየከፈተ ይመረምር ነበር። እነዚያን አውጥተን እንደገና ስናሰላ ምጣኔው ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። ባልደረባዬ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ እንግዲያው ያለፈው ወር ሪፖርትስ?» አለችኝ። ያን ሪፖርት ለደንበኛው ልከነው ነበር። በዚያው ቀን ከፈትነው፣ አረምነው፣ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር መልሰን ላክነው።

ስላዳመጣችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ሪፖርቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከእረፍቱ በኋላ አብረን ተቀምጠን እናያቸዋለን፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።